በልጆች ግርግር መሃል ምስጋናን ማግኘት፦ የስድስት ሳምንት ዝርዝር መመሪያ

ብዙ ወላጆች የምስጋና ደብተር መጻፍን ሞክረው ትተውታል። ደብተር ይገዛሉ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ «ስለ ጤናዬ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ቤቴ ተመስገን» ብለው ይጽፋሉ፣ በአራተኛው ቀን ደብተሩ የልጅ መሳያ ሆኖ ይገኛል። ሲተዉት ደግሞ ጸጸት ይጨመርባቸዋል፦ «እኔ ምን ዓይነት እናት ነኝ? ልጅ አጥቶ የሚለምን ስንት ሰው አለ!»

ችግሩ የልብ ክፋት አይደለም። አብዛኛው ሰው የሚሳሳተው በሦስት ነገር ነው፦ በማይሆን ሰዓት ይጀምራል፣ በጅምላ ያመሰግናል፣ ግርግሩን ጥቂት እንኳ ሳይቀንስ በላዩ ላይ ምስጋና ሊጭንበት ይሞክራል። ከታች ያለው ቅደም ተከተል እነዚህን ሦስቱን ለማረም የተዘጋጀ ነው። ከልደት እስከ 6 ዓመት ያሉ ልጆችን ለሚያሳድጉ እናቶችም አባቶችም ይሆናል። ደረጃዎቹን አትዝለሉ፤ በተለይ 1ኛውንና 2ኛውን።

መጀመሪያ ይህን አጣሩ

ደብተር ከመግዛት በፊት ሌላ እርዳታ የሚያስፈልግባቸው ሁለት ሁኔታዎች አሉ።

አንደኛው ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድባቴ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ሆድ መባስ፣ ያለ ምክንያት ማልቀስና መነጫነጭ ብዙ አራሶችን ያጋጥማል፤ አብዛኛውን ጊዜም በራሱ ያልፋል። ከሁለት ሳምንት በላይ ከቀጠለ፣ ሕፃኑ ተኝቶ እንኳ እንቅልፍ እምቢ ካለ፣ ምግብ ካስጠላ፣ ድሮ ደስ የሚያሰኝ ነገር ሁሉ ከደበዘዘ፣ ጤና ተቋም ሂዱ። ባለሙያዎች ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣው የኤድንብራ መጠይቅ ስላለፉት 7 ቀናት የሚጠይቁ 10 ጥያቄዎች ብቻ ያሉት ነው፤ ጥቂት ደቂቃ ቢወስድ ነው። አባቶችንም ድባቴ ይይዛቸዋል። ራስን ወይም ሕፃኑን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ግን አንድ ሌሊት እንኳ አይታደርበትም። ለቅርብ ሰው ተናገሩ፣ ብቻችሁን አትሁኑ፣ በአቅራቢያችሁ ወዳለ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ። አዲስ አበባ ውስጥ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ አሜሪካ ያላችሁ 988 ደውሉ።

ሁለተኛው ቤት ውስጥ ዱላ፣ ስድብ ወይም ማስፈራራት ሲኖር ነው። «አመስግኚና ቻይው» የሚል ምክር እዚህ ቦታ ሰው ይጎዳል። በዚህ ሁኔታ ያለ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው መጠጊያና ከጎኑ የሚቆም ሰው ነው።

ቅድመ ዝግጅት

የሚያስፈልገው ጥቂት ነው፤ ግን ሁሉም አስቀድሞ ይዘጋጅ።

- ባለ 50 ሉክ ደብተር። ቆንጆ አትግዙ፤ ቆንጆ ደብተር ላይ ተራ ነገር መጻፍ ያሳፍራል፣ እኛ የምንፈልገው ደግሞ ተራውን ነገር ነው።
- በክር ደብተሩ ላይ የታሰረ እስክሪብቶ። ሳይታሰር ከቀረ ሁለት ቀን አይቆይም።
- የልጅ እጅ የማይደርስበት ግን እናንተ ቆማችሁ የምትጽፉበት ቦታ፣ ለምሳሌ ፍሪጅ ላይ ወይም የወጥ ቤት መደርደሪያ።
- ሁልጊዜ ከምትሠሩት አንድ ሥራ ጋር የተያያዘ ሰዓት። ልጆቹን ሰርቪስ ላይ ካሳፈራችሁ በኋላ፣ ቡናው ጀበና ውስጥ እስኪፈላ፣ ወይም ማታ ልጆች እንደተኙ፣ ዕቃ ማጠብ ሳትጀምሩ።

ስልክ ላይ አትጻፉ። አንድ መስመር ልትጽፉ ትከፍቱትና የቴሌግራም መልእክት ይጎትታችኋል፤ ቀና ስትሉ የነበራችሁ ነፃ ሰዓት አልቋል። አልጋ ውስጥም አትጻፉ። ገና ስትጋደሙ እንቅልፍ ይወስዳችኋል፤ እሱንም ሰውነታችሁ ይፈልገዋል።

ደረጃ 1፦ ሦስት ቀን ግርግሩን ብቻ መዝግቡ

1. የደብተሩን የመጀመሪያ ገጽ በሦስት ክፈሉ፦ ጠዋት፣ ከሰዓት፣ ማታ።
2. በጮኻችሁ፣ በተቆጣችሁ ወይም «በቃኝ» ባላችሁ ቁጥር እዚያ ክፍል ላይ አንድ ጭረት አድርጉ።
3. ከጭረቱ አጠገብ ሁለት ቃል ብቻ ጻፉ፦ «ጫማ ጠፋ»፣ «ወተት ፈሰሰ»፣ «ስልክ ተነጠቀ»።
4. በሦስተኛው ቀን ማታ ጭረቱ የበዛበትን ሰዓት ክበቡት።

በእነዚህ ሦስት ቀናት ምስጋና አትጻፉ። ራሳችሁንም አትውቀሱ፤ የምትፈልጉት ሰዓቱን ብቻ ነው።

በአብዛኛው ቤት ጭረቱ ሁለት ቦታ ይከማቻል፦ ጠዋት ሰርቪስ ከመምጣቱ በፊት ባለው ግማሽ ሰዓትና፣ በአገር ቤት አቆጣጠር ከ11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ። የምሽቱ ምክንያቱ ግልጽ ነው። ልጁ እርቦታል፣ የቀን እንቅልፉ ከተቋረጠ ደክሞታል፣ ቀኑን ሙሉ የናፈቀው ሰው ደግሞ ገና መግባቱ ነው። ወላጅም ከሥራና ከታክሲ ሰልፍ በባዶ ሆድ ይመጣል። ሁለት የተራቡ ሰዎች በር ላይ ሲገናኙ ጠብ ባይነሳ ነው የሚገርመው።

ደረጃ 2፦ የከበባችሁትን ሰዓት አስተካክሉ

አንድ ሰዓት ብቻ። ሁሉንም ላስተካክል ያለ ሰው አንዱንም አያስተካክልም።

*የምሽቱ ሰዓት ከሆነ፦*
1. ለልጁ 10 ሰዓት ተኩል ላይ መክሰስ ይሰጠው፦ ሙዝ፣ ዳቦ በወተት፣ ወይም ከምሳ የተረፈ ፍርፍር። ቤት የምትውለው ሞግዚት ወይም አያት ከሆኑ ሰዓቱን በግልጽ ንገሩ።
2. እናንተም ቤት ከመግባታችሁ በፊት አንድ ነገር ቅመሱ።
3. እንደገባችሁ ቦርሳውን አስቀምጡ፣ እጃችሁን ታጠቡ፣ መሬት ላይ ተቀመጡ፣ 10 ደቂቃ ከልጁ ጋር ብቻ ሁኑ። ስልኩ ቦርሳ ውስጥ ይቆይ።
4. ሽንኩርት መክተፍ ከዚያ በኋላ ይጀምር።

ብዙዎች 3ኛውን «ጊዜ የለኝም» ብለው ይዘሉታል። ያልተሰጠው 10 ደቂቃ በለቅሶና ቀሚስ በመጎተት እጥፍ ሆኖ ይወሰዳል።

*የጠዋቱ ሰዓት ከሆነ፦* ዩኒፎርም፣ ካልሲ፣ ጫማና ምሳ ዕቃ ማታውኑ በር አጠገብ አንድ ቦታ ይቀመጡ። አብዛኛው የጠዋት ጩኸት የአንድ ካልሲ ፍለጋ ነው።

የእንቅልፉንም ነገር እዩ። የዓለም ጤና ድርጅት ለ1 እና ለ2 ዓመት ልጅ በቀን ከ11 እስከ 14 ሰዓት፣ ለ3 እና ለ4 ዓመት ልጅ ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍ ይመክራል፤ የቀኑ እንቅልፍ ተቆጥሮ ነው። ልጃችሁ ከዚህ በብዙ ካነሰ ከምስጋና በፊት የማታ መኝታ ሰዓቱን በየሁለት ቀኑ በ15 ደቂቃ ቀደም አድርጉት።

ለዚህ ደረጃ አራት ቀን ስጡት።

ደረጃ 3፦ በቀን አንድ ጊዜ ለ20 ሰከንድ ቁሙ

ምስጋና የሚጀምረው ከማየት ነው። ማታ ልንጽፍ ስንል «ምንም አልነበረም» የሚያሰኘን ቀን ላይ ስላላየን ነው።

1. በየቀኑ የማይቀር አንድ ሥራ ምረጡ፦ ማጥባት፣ ዳይፐር መቀየር፣ ፀጉር መሥራት፣ ጫማ ማድረግ።
2. ያ ሥራ ሲመጣ እጃችሁን አቁሙ።
3. አንድ ነገር ብቻ ተመልከቱ፦ ጣት፣ ድምፅ፣ ሽታ፣ አንገት ላይ ያለ ላብ።
4. ያያችሁትን በልባችሁ በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ሥራችሁን ቀጥሉ።

ለምሳሌ የሁለት ዓመት ልጅ ጫማዋን «እኔ ራሴ!» ብላ ስትታገል እዩ። ምላሷ በከንፈሯ ጥግ ወጥቷል፣ ግራውን በቀኝ አድርጋዋለች፣ ተረከዟ የጫማውን ጀርባ ረግጦ አጣጥፎታል፣ ትንፋሿ ይሰማል። «ጫማው በግራ ገባ» ብሎ ማረም የሚመጣው ከ20 ሰከንዱ በኋላ ነው። ቸኩላችሁ ከሆነ ይህን ሥራ አትምረጡ፤ ሰርቪስ እየጠበቀ 20 ሰከንድ መቆም ብስጭት ብቻ ያተርፋል።

ስሜት አትጠብቁ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ልብ ምንም አይለውም። የምታሠለጥኑት ዓይናችሁን ስለሆነ ይህ እንደ ውድቀት አይቆጠርም።

ፎቶ አታንሱ። ካሜራ ሲወጣ ልጁም ይለወጣል፣ እናንተም ከማየት ወደ ማስተካከል ትሄዳላችሁ።

ደረጃ 4፦ ጻፉ

ድግግሞሹ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። እ.ኤ.አ. በ2005 የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሰሊግማንና ባልደረቦቹ ባወጡት ጥናት፣ ለአንድ ሳምንት በየማታው መልካም የሆኑላቸውን ሦስት ነገሮችና ለምን እንደሆኑ የጻፉ ሰዎች ከስድስት ወር በኋላም ደስታቸው ከፍ ብሎ ተገኝቷል። በሌላ በኩል ሌላዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሶንያ ሊዩቦሚርስኪ ለስድስት ሳምንት ባደረገችው ሙከራ ለውጥ ያዩት በሳምንት አንድ ጊዜ የጻፉት ናቸው፤ በሳምንት ሦስት ጊዜ የጻፉት አልተለወጡም። ሲበዛ ሥራ ይሆናል፣ ቃሉም ይደርቃል። ስለዚህ እንዲህ አድርጉ፦

- መጻፍ በጀመራችሁበት የመጀመሪያ ሳምንት በየቀኑ፣ ሦስት ነገር።
- ከዚያ በኋላ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ፣ እስከ አምስት ነገር። ቀኑን ወስኑ፤ ቅዳሜ ከሰዓት ወይም እሑድ ለብዙ ቤት ይመቻል።

እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ሦስት ጥያቄ ይመልስ፦ ምን ሆነ? ማን አደረገው? ምን አተረፈልኝ?

የማይሠራ፦ «ስለ ልጆቼ ተመስገን።»
የሚሠራ፦ «ትንሿ ዛሬ ጡጦዋን ራሷ ይዛ ጠጣች። ሁለት እጄ ነፃ ስለሆነ ሽንኩርቱን ሳላሳርር አቁላላሁ።»

የማይሠራ፦ «ጥሩ ጎረቤቶች አሉኝ።»
የሚሠራ፦ «ሌሊት ውሃ ስትመጣ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን በር አንኳኩተው ቀሰቀሱን፤ በርሜሉን ሞላን። ዛሬ ልጆቹን ያጠብኩት በዚያ ውሃ ነው።»

አንድ ሕግ አስቀምጡ፦ «ጤና»፣ «ሰላም»፣ «ቤተሰብ» የሚሉት ቃላት ብቻቸውን ደብተሩ ላይ አይግቡ። ጤናን ማመስገን ካስፈለገ «ሦስት ቀን የቆየው ትኩሳት ዛሬ ጠዋት ለቀቀው፣ ቁርስ ጠየቀ» ተብሎ ይጻፍ። በየቀኑ ለሰላምታ መልስ የምንሰጠው ተመስገን የራሱ ቦታ አለው፤ ደብተሩ ግን ዝርዝር ይፈልጋል።

በጸሎት ለሚያመሰግኑ ደብተሩ ጸሎቱን አይተካም። የጻፉትን አምስቱን በስም እየጠሩ ወደ ማታ ጸሎታቸው ይውሰዱት።

ደረጃ 5፦ «ይህ ባይሆንስ ኖሮ?» ብላችሁ ጠይቁ

ከሦስተኛው ሳምንት በፊት አትጀምሩት። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ አንድ መልካም ነገር እንዴት ሳይሆን ሊቀር ይችል እንደነበር ያሰቡ ሰዎች፣ እንዴት እንደሆነ ብቻ ካሰቡት የተሻለ ስሜት ተሰማቸው። የለመድነውን ነገር እንደ አዲስ ያሳየናል።

1. ከሳምንቱ ዝርዝር አንዱን ምረጡ።
2. እንዲሆን ያደረጉትን ሁለት ወይም ሦስት አጋጣሚዎች ጻፉ። «ያን ቀን ቤቱን ሳናይ ብንመለስ ኖሮ እዚህ ግቢ አንከራይም ነበር፤ ልጁን የሚይዙልን እትዬም አይኖሩም ነበር።»
3. እዚያው አቁሙ፤ ከአምስት ደቂቃ አይለፍ።

ማስጠንቀቂያ፦ ልጁን ራሱን አትቀንሱ። «ልጄ ባይኖር» ወይም «ቢታመም» ብሎ ማሰብ፣ በተለይ አራስ ወይም ጭንቀት ያለበት ወላጅ ዘንድ፣ ፍርሃት ሆኖ ሌሊት ይመለሳል። ይህ ልምምድ ለአጋጣሚዎች፣ ለእርዳታና ለዕቃ ብቻ ነው። ልጅ ያጣችሁ ወይም ፅንስ የወረደባችሁ ይህን ደረጃ እለፉት።

ደረጃ 6፦ ምስጋናውን ለባለቤቱ አድርሱ

ደብተር ውስጥ የቀረ ምስጋና ግማሹ ነው። በየሳምንቱ ከዝርዝሩ አንድ ሰው ምረጡና በ24 ሰዓት ውስጥ ንገሩት። ሲናገሩ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው፦ ያደረገው ነገር፣ ያተረፈላችሁ ነገር፣ ከዚያ ዝም።

ለትዳር ጓደኛ፦ «ዛሬ ዩኒፎርሙን አንተ ስላለበስከው ሰርቪሱ አላመለጠውም። እኔም ቁጭ ብዬ ሻይ ጠጣሁ።» እዚህ ላይ አቁሙ። «ሁልጊዜ እንዲህ ብታደርግ ምናለበት» ከተጨመረ ምስጋናው ወቀሳ ሆነ፤ ሁለተኛ ጊዜ አይታመንም።

ለአማች ወይም ለእናት፦ «እማዬ፣ ትናንት ልጁን አዝለሽ ስላስተኛሽልኝ ሁለት ሰዓት ተኛሁ።» አንቱታ ለሚገባቸው በአንቱታ፤ ሥራቸውን ለይታችሁ ጥሩ።

ለሞግዚት፦ ይህ በብዙ ቤት የሚረሳ ነው። ጥፋት በዕለቱ ይነገራታል፣ መልካሙ ግን ዝም ይባላል። «ልጁ ሲወድቅ ቶሎ በረዶ ስለያዝሽለት አላበጠም፤ አመሰግናለሁ» በሏት፣ ልጁ እየሰማ። የቃል ምስጋና ግን ደመወዝን በጊዜው መክፈልንና የዕረፍት ቀንን አይተካም።

አሜሪካም ሆነ አውሮፓ፣ አራስ ጠያቂ በሌለበት፣ በፈረቃ እየተቀያየሩ የሚያሳድጉ ባልና ሚስት ለቀናት ፊት ለፊት ላይነጋገሩ ይችላሉ። እነሱ ፍሪጅ ላይ በወረቀት ይለጥፉ፣ ወይም አንዳቸው ሥራ ሲገቡ ከአንድ ደቂቃ የማይበልጥ የድምፅ መልእክት ይላኩ። አገር ቤት ላለች አያትም እንዲሁ፤ የልጁ ድምፅ ቢገባበት ደግሞ የበለጠ።

ደረጃ 7፦ ልጆቹን አስገቡ

ከ3 ዓመት በታች ላሉ ምንም አታድርጉ፤ እናንተ ስታመሰግኑ መስማታቸው ይበቃል። ከ3 ዓመት በላይ ላለ ልጅ እራት ላይ አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ዛሬ ማን ደስ አሰኘህ? ምን አድርጎ?» መጀመሪያ እናንተ መልሱ። ልጁ «ድመቷ» ወይም «አላውቅም» ካለ እሺ በሉና እለፉ። ከ5 ዓመት ገደማ ጀምሮ ለምን ብላችሁ ብትጠይቁት መልስ ያገኝላችኋል።

«አመሰግናለሁ በል! በል እንጂ!» እያሉ በሰው ፊት ማስጨነቅ ልጁን ማሳፈር ነው። እናንተ ስለ እሱ አመስግኑ፤ ቤት ሲደርስ ትነጋገራላችሁ።

ነገሩ ሲበላሽ

*ሕፃኑ ለቅሶ አላቆም ብሎ ትዕግሥታችሁ ካለቀ፦* ምስጋናን እርሱት። ሕፃኑን በጀርባው አስተኝታችሁ አደጋ በሌለበት አልጋው ላይ አስቀምጡት፣ በሩን ገርበብ አድርጉ፣ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ሌላ ክፍል ቆዩ፣ ፊታችሁን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠቡ፣ ሰው ጥሩ። ሕፃንን በፍጹም አትነቅንቁ፤ መነቅነቅ አንጎል ውስጥ ደም ሊያፈስና ሊገድል ይችላል። ትኩሳት ካለው፣ አልጠባም ካለ ወይም ለቅሶው ከወትሮው ከተለየ ሐኪም ይየው።

*ልጁ ላይ ከጮኻችሁ፦* ሁለታችሁም ስትረጋጉ ተንበርክካችሁ በዓይኑ ልክ ሁኑና «ጮኽኩብህ፤ መጮህ አልነበረብኝም። ይቅርታ» በሉት። «አንተ ግን» አይጨመርበትም። ያን ማታ አትጻፉ፤ ጸጸት ሲጽፍ ምስጋናው ራስን መግረፊያ ይሆናል።

*ምሬት ብቻ ከመጣ፦* በግራው ገጽ ላይ ሁለት ደቂቃ ምሬቱን እንዳለ ጻፉ፣ ሳታለዝቡ። ከዚያ በቀኙ ገጽ አንድ ነገር ብቻ። ቀኙ ባዶ ቢቀርም ግድ የለም። ለሦስት ተከታታይ ሳምንት ግራው ላይ ያው ምሬት ከተጻፈ፣ እሱ በምስጋና ሳይሆን በንግግር የሚፈታ ጉዳይ ነው፦ የሥራ ክፍፍል፣ የገንዘብ፣ የእንቅልፍ ተራ። ቀን ቆርጣችሁ ተነጋገሩ።

*አንድ ሳምንት ካለፋችሁ፦* አታካክሱ። በቀጣዩ ቀን እንዳለ ቀጥሉ።

*የትዳር ጓደኛ ካላመነበት፦* አታስገድዱ፣ ደብተሩንም አታስነብቡ። ደረጃ 6ን ብቻ ሥሩበት።

*ሰው «ተመስገን በይ እንጂ፣ ልጅ ያጡ አሉ» ካለ፦* ምስጋና ሌላ ሰው አፋችሁ ላይ የሚያስቀምጥላችሁ ነገር አይደለም። «ደክሞኛል፤ ግማሽ ሰዓት ብትይዥልኝ ደስ ይለኛል» ብላችሁ የሚሠራ ነገር ጠይቁ።

በስድስተኛው ሳምንት መጨረሻ

1. ደብተሩን ከመጀመሪያው ገጽ አንብቡ።
2. የሰው ስም በተጻፈበት ሁሉ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ከሁሉ በላይ የተደጋገመው ማን እንደሆነ እዩ። እስካሁን ካላመሰገናችሁት በዚህ ሳምንት አመስግኑት።
3. አንድም ጊዜ ያልተጻፈ ልጅ ካለ ልብ በሉ። ብዙውን ጊዜ መሃል ላይ ያለው ወይም የማያስቸግረው ነው። ለሚቀጥሉት ሁለት ሳምንታት የደረጃ 3 ሥራችሁ ከእሱ ጋር ይሁን።
4. የደረጃ 1ን የሦስት ቀን ጭረት ድገሙና ከመጀመሪያው ጋር አስተያዩ። ያስተካከላችሁት ሰዓት ከቀለለ አሁን ወደ ሁለተኛው ሰዓት እለፉ። ካልቀለለ ወደ ደረጃ 2 ተመልሳችሁ የመክሰሱንና የመኝታውን ሰዓት ፈትሹ።
5. መጻፉ ከሰለቻችሁ ወደ ሁለት ሳምንት አንዴ አውርዱት። 20 ሰከንዱን ግን በየቀኑ አቆዩት።